የማዳበሪያው 10,000 ብር

«እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምጽፍልዎት ከእነማይ ወረዳ፣ ከቢቸና ወጣ ካለ ቀበሌ ነው። ስሜን አያውጡብኝ። የመጀመሪያ ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ውላለች። ለፋሲካ የባለቤቴ የአጎት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ‹ልጅቱን ልውሰዳት፤ ጥቂት ወር ሰው ቤት ትሠራለች፣ ከዚያ ዓረብ አገር እልካታለሁ› አለ። ዕድሜዋን በመታወቂያ 21 አስደርጋለሁ ይላል። ከእኛ የሚፈልገው ገንዘብ የለም። እንዲያውም ለባለቤቴ ለማዳበሪያ መግዣ ብሎ 10,000 ብር ሰጠው፤ ከደመወዟ ይተካል ተባባሉ። ስልክ አትያዝ፣ አሠሪዎቹ አይወዱም ብሏል። ለግንቦት ልደታ ይዟት ሊሄድ ነው።

ልቤን የሚያውከኝ ሌላም ነገር አለ። የጎረቤቴ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት የሄደችው በዚሁ ሰው እጅ ነው። መጀመሪያ ሰው ቤት ነበረች፤ አሁን ቡና ቤት ትሠራለች ይባላል። በዐቢይ ጾም አንድ ሌሊት ለልጄ ደውላ ‹ለእናቴ አትንገሪ፤ አንቺ ግን እንዳትመጪ› አለቻት። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ‹የተበላሸች ልጅ ወሬ ነው፤ ወንድሜ ክፉ አያስብልንም› አለኝ። ዘመድ ላጣላ ወይስ ዝም ልበል? ለጎረቤቴስ የልጇን ነገር ልንገራት?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀኑ ሳይደርስብሽ መልሱን ላስቀድም፤ ልጅሽን ለዚህ ሰው አትስጪ። ለግንቦት ልደታም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ለአዲስ አበባም ሆነ ለዓረብ አገር፣ አትስጪ። የዘመድ ቅያሜ ቀስ ብሎ ይታያል። የቀረውን የምጽፍልሽ ይህን ቃል ባለቤትሽ ፊት አፍሽን ሞልተሽ እንድትናገሪው ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። «ከእኛ የሚፈልገው ገንዘብ የለም» ብለሽ እንደ በጎ ነገር ጽፈሽዋል። እኔን ግን ከሁሉ በፊት ያስደነገጠኝ ያ 10,000 ብር ነው። ልጅሽ ገና ከደጃፍሽ ሳትወጣ ዕዳ አለባት፤ ራሷ ያልተበደረችው፣ በእጇ ያልቆጠረችው፣ መቼ እንደሚያልቅም የማታውቀው ዕዳ። ነገ በሰው ቤት ሥራው ከብዷት «ልመለስ» ብትል ሰውየው «ገንዘቤስ?» ይላታል። እሷም አባቷን ላለማሳፈር ትችለዋለች። ለችግራችሁ አዝኖ የሰጠ ቢሆን ኖሮ ስለ ምን ከልጅቱ ደመወዝ ይተካል ይባላል? እንዲህ ያለ ሰው ገበሬ በሚያዝያ እጁ እንደሚያጥር፣ የማዳበሪያ ዋጋ እንደሚያንገበግበው አሳምሮ ያውቃል። የሚመጣውም ወቅቱን ጠብቆ ነው።

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ ፓሌርሞ ፕሮቶኮል የሚባለው፣ የሰው ንግድ የሚፈጸምባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር ከማስገደድና ከማታለል ጎን አንድ ነገር ይጠቅሳል፤ በልጅቱ ላይ ሥልጣን ላለው ሰው ገንዘብ ሰጥቶ ፈቃዱን ማግኘትን። ማዳበሪያ መግዣ ይባል፣ የበዓል ስጦታ ይባል፣ ስሙ ነገሩን አይለውጠውም። ልጅሽ ደግሞ 18 ዓመት አልሞላትም። ስለዚህ ሰውየው ባያታልላትም፣ ባያስገድዳትም፣ እሷ ራሷ «እሄዳለሁ» ብትልም፣ ለብዝበዛ ብሎ ከወሰዳት የሰው ንግድ ነው። በልጅ ፈቃድ ማመካኘት አይቻልም። የራሳችን አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሴት ወይም በሕፃን ላይ ለሚፈጸም የሰው ንግድ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው። ላስፈራራው ብዬ አይደለም፤ «ወንድሜ ክፉ አያስብልንም» ሲል ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ እንዲያውቀው ነው።

ሰውየውን አላውቀውም፣ ልቡንም አላየሁም። አንቺ የጻፍሽውን ሥራውን ግን አየሁ። ዕድሜዋን 21 ሊያስደርግ ነው፤ ለምን? ለውጭ አገር ሥራ የሚፈቀደው 18 ዓመት ለሞላው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ በእውነተኛ ዕድሜዋ በሕጋዊ መንገድ ሊልካት አይችልምና። ሐሰተኛው መታወቂያ የሚጎዳት ድንበር ላይ ብቻ እንዳይመስልሽ። ነገ ብትጠፋ የሚፈለገው የ16 ዓመት ልጅ መሆኑ ይቀራል፤ በወረቀት አዋቂ ናት። አዋቂ ሴት ደግሞ «በፈቃዷ ሄዳለች» ተብላ ፋይሏ ሊዘጋ ይችላል። ያ መታወቂያ ልጅነቷን ይወስድባታል፤ ከልጅነቷ ጋር ሕግ ያቆመላትን አጥር።

ስልኩስ? ሥራ ላይ ስልክ አትነካኪ የሚል አሠሪ አለ፤ ይገባኛል። ከነጭራሹ ስልክ ይዛ አትምጣ የሚል ግን እናቷ ድምጿን እንዳትሰማ የሚፈልግ ነው። በዚህ አትደራደሪ።

አሁን ስለ ቡና ቤቱ ልንገርሽ። ይህን ክፍል ለባለቤትሽም አንብቢለት።

ከዓመታት በፊት ጎጃም ውስጥ ካለ ከአንድ ከተማ ቡና ቤት ሸሽታ የወጣች ልጅ አግኝቼ ነበር። ከባለቤቲቱ ደብተር ላይ ቀድዳ ያመጣችው አንድ ገጽ በእጇ ነበር፤ አራት ቦታ ታጥፎ ጠርዙ አልቋል። በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ በደህና የእጅ ጽሑፍ፣ ከላይ ወደ ታች ተዘርዝሯል፤ ቀሚስ፣ ጫማ፣ የፀጉር ቅባት፣ አልጋ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ እንደገና አልጋ፣ ከዚያ «የታመመችበት ቀን»። እያንዳንዱ አጠገብ የብር ቁጥር አለው። ታማ የተኛችበት ቀን ሳይቀር እንዳላስገባች ተቆጥሮ ዕዳዋ ላይ ተደምሯል። ከሥር ድምሩ፣ ከድምሩ ሥር ሌላ ዝርዝር፣ ከዚያም የበለጠ ድምር። ደጋግሜ አየሁት። በዚያ ገጽ ላይ የእሷ ደመወዝ የሚባል መስመር አልነበረም።

እዚያ የምትደርሰው ልጅ አንድም ቀን «ቡና ቤት ልሥራ» ብላ ከአገሯ አልወጣች ይሆናል። ደላላ ገንዘብ የሚያገኘው ልጅቱ በተቀጠረች ቁጥር ነው። በአንድ ቤት ብትረጋ ለእሱ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ከወር ከሁለት ወር በኋላ «የተሻለ ቤት አግኝቼልሻለሁ» እያለ ያዛውራታል። ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ የቤቱ ጌታ ወይም የጌታው ልጅ ሌሊት በሯን ይከፍታል። እሷ ብትናገር ውሸታም ትባላለች፤ ካረገዘች ደግሞ በሌሊት ትባረራለች። አገሯ እንዳትመለስ ታፍራለች። ያን ጊዜ ደላላው «ለዚህ ጊዜ የሚሆን ቦታ አውቃለሁ» ብሎ ይመጣል። የሚያውቀው ቦታ ያ ደብተር ያለበት ቤት ነው።

ባለቤትሽ «የተበላሸች ልጅ» ማለቱን ስትጽፊ እጅሽ ሳይከብደው አልቀረም፤ እኔን ለማንበብም ከብዶኛል። የሚበላሽ እህል ነው፣ ወተት ነው። ሰው ይበደላል እንጂ አይበላሽም። ይህቺ ልጅ ምን ውስጥ ሆና እንደደወለች አስቢው። እናቷ እንዳትሰማ ሰግታ፣ ምናልባትም ስልክ ተውሳ፣ በሌሊት ነው የደወለችው። ብርም፣ ልብስም፣ አውጡኝም አላለችም። ለልጅሽ «እንዳትመጪ» ለማለት ብቻ ነው የደወለችው። በመንደሩ ካለው አዋቂ ሁሉ ቀድማ ልጅሽን የጠበቀቻት እሷ ናት። የአገራችን ሕግም የሚቀጣው በሌላው ገላ የሚነግደውን እንጂ የተነገደባትን አይደለም። እኛ ግን መንደር ውስጥ የምንፈርደው ገልብጠን ነው፤ ደላላው ለፋሲካ መጥቶ ዶሮ ይበላል፣ ልጅቱ ስሟ አይነሣም። ነጋዴው የሚተማመነው በዚህ ነው። ብታመልጥ መሄጃ እንደሌላት ያውቃል፤ በሩን የዘጋንባት እኛ ነንና።

«ዘመድ ላጣላ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ከማያውቁት ሰው ጋር ልጁን የሚሰድ የጎጃም ገበሬ እኔ አላየሁም። ለዚህ ሥራ የሚመጣው ምንጊዜም የሚታወቅ ሰው ነው፤ የአጎት ልጅ፣ የክርስትና ዘመድ፣ ቀድማ የሄደች ጓደኛ፣ የአገር ልጅ። የዝምድናው መልክ ባይኖረው ኖሮ ሥራው ባልተሠራለት። አንቺ ስትከለክይ የምታፈርሺው ዝምድና የለም፤ ዝምድናውን መጫኛ ያደረገው እሱ ነው።

ቢሆንም ነገሩን በጥበብ ያዢው። ባለቤትሽን እንደ ክፉ አባት አልቆጠርኩትም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ መንገዱ አስግቶ፣ የደረሰች ልጅ ቤት ያስቀመጠ አባት ሌሊት ምን እንደሚያስብ እገምታለሁ። ትጠለፍብኛለች፣ ስሟ ይጠፋል፣ ወይ ልዳራት ወይ ልስደዳት ይላል። ከ18 ዓመት በታች መዳሩም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከጎጃም ገጠር ወጥተው በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ጎዳናና ጓዳ ከሚንከራተቱት ልጃገረዶች ብዙዎቹ ያለ ዕድሜያቸው ሊዳሩ ሲሉ የሸሹ ናቸው። ስለዚህ «ወንድምህ ሌባ ነው» ብለሽ አትጀምሪ፤ ወንድሙን ለመከላከል ይነሣና ልጅቱ ትረሳለች። «ወንድምህ እውነተኛ ከሆነ የአሠሪዎቹን ስምና ስልክ ይስጠን፤ እኔ ራሴ ቀድሜ ሄጄ ቤቱን ልየው፤ ልጄ በእውነተኛ ዕድሜዋና በስልኳ ትሂድ፤ ዓረብ አገር ይልካል የተባለውም ኤጀንሲ ፈቃዱን ያሳየን» በይው። እንድትልኪያት ብዬ አይደለም፤ ውሳኔሽ አይለወጥም። ሰውየው ለእነዚህ የሚሰጠውን መልስ ባለቤትሽ በገዛ ጆሮው እንዲሰማ ነው። ከእኔ ምክር ይልቅ ያ መልስ ያሳምነዋል።

ገንዘቡ ይመለስ። ማዳበሪያ ካልተገዛበት ዛሬውኑ፣ ከተገዛበትም በግ ተሽጦ፣ ከእድር ተበድራችሁ፣ እቁብ ካለሽ ተራሽን ለምነሽ። አውቃለሁ፣ በዚህ ወቅት በግ መሸጥ ቀላል አይደለም። ግን 10,000 ብር አገር ቤት ሆኖ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ የልጅሽን ዕዳ ግን ያ ደብተር ነው የሚጽፈው። ስትመልሱ ሁለት ሽማግሌ ይቀመጡ፤ ሰውየው ገንዘቡን መቀበሉንና ከልጅቱም ከቤተሰቡም የሚጠይቀው እንደሌለ ጽፎ ይፈርም። ወረቀቱን አንቺ አስቀምጪው። በዚያ ቀን ስለ ጎረቤትሽ ልጅ አንድ ቃል እንዳይነሣ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

በደብዳቤሽ ውስጥ ሁሉም ሰው ይናገራል። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ ባለቤትሽ ይናገራል፣ የአጎቱ ልጅ ይናገራል፣ ስልኳ የተዘጋው ልጅ እንኳ ሁለት ዓረፍተ ነገር አላት። ልጅሽ ብቻ አልተናገረችም። ጠይቀሻታል? ምናልባት መሄድ ትፈልግ ይሆናል። ከእሷ ጋር የተማሩት ዱባይና ኩዌት ሆነው የሚልኩትን ፎቶ አይታ ይሆናል፤ ቤት ውሎ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ሰልችቷት ይሆናል፤ የእናንተን ችግር አይታ «እኔ ላውጣቸው» ብላ ይሆናል። እምቢ ብለሽ ብቻ ዝም ካልሽ በራሷ ልትወጣ ትችላለች፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ቁጭ ብለሽ አነጋግሪያት። ደብተሩን ንገሪያት። ከዚያ «ምን ብናደርግልሽ ትቆያለሽ?» በያት፤ መልሷንም እንደ ትልቅ ሰው መልስ ስሚው። ደብረ ማርቆስ ወይም ሌላ ትምህርት ያልተቋረጠበት ከተማ የሚኖር፣ አንቺ ደጁን የምታውቂው ዘመድ ካለ እዚያ ሆና ብትማር አንድ መንገድ ነው። ስፌትም ይሁን የፀጉር ሥራ፣ ዓመት የማይፈጅ ሥልጠና ካለ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ከዚያ 10,000 ብር የተሻለ ፍሬ አለው። የእናንተን አቅም አላውቅምና ከዚህ በላይ አልዘረዝርም።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ማታ አድርጊ፤ የአንቺን ስልክ ቁጥር በቃሏ አስጠኛት። እንደ ዳዊት በቃሏ ትያዘው። ታናናሾቿም እንዲሁ። ይህን የምለው አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ባየኋት አንዲት ልጅ ምክንያት ነው። አንገቷ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላት፣ በፌስታል አንድ ነጠላና በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ የያዘች፣ ዕድሜዋ ከልጅሽ የማይበልጥ ነበረች። የሚቀበላት ሰው ቁጥር በመዳፏ ላይ በእስክርቢቶ ተጽፎላት ነበር። ዓባይ በረሃ ሲደርሱ በሙቀቱ አልቧት ሁለቱ ቁጥሮች ጠፍተዋል። መዳፏን ወደ ፀሐይ እያዘነበለች ታየዋለች። አንዲት ሴት መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ በጥርት ባለ የጎጃም ቅላፄ «የእኔ ልጅ፣ ከየት ነሽ? አገርሽ ወዴት ነው?» አለቻት። ልጅቱ የአገሯን ቃል ስትሰማ ፊቷ በራ። ሴትዮዋ ፌስታሉን ከእጇ ተቀብላ ልትሄድ ስትል ሻይ የምታፈላው ሴት «እቴ፣ ልጅቱን በምን ታውቂያታለሽ? ስሟን ጥሪልኝ እስቲ!» ብላ ጮኸች። ሴትዮዋ ፌስታሉን ጥላ በሰው መሐል ጠፋች። እኔና ሻይ ሻጯ ልጅቱን ይዘን ፖሊስ ዘንድ ሄድን። የእናቷን ስልክ አላወቀችም ነበር። የመንደሩን ስምና የደብሩን ታቦት እየጠቀሰች ቤተሰቦቿ እስኪገኙ ሁለት ቀን ፈጀ። እኔ የዚያን ቀን ከዚያ ያለፍኩት በአጋጣሚ ነው፤ ሻይ ሻጯ ግን በየቀኑ እዚያ ነበረች። ስንት ልጅ እንዲህ አስጥላ ይሆን?

ልጅሽ 18 ሞልቷት፣ አስባበት፣ ውጭ አገር ልሥራ ካለች ያን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። በላቧ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት የሠራች፣ ወንድሞቿን ያስተማረች የጎጃም ልጅ ብዙ ናት፤ እነሱን አላቃልልም። መንገዱ ግን የሚታይ መንገድ ይሁን። የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን የሚቆጣጠረው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው፤ ላኪው ኤጀንሲ ከእሱ ፈቃድ ሊኖረው፣ ውሉም የጸደቀ ሊሆን ይገባል። በሕጉ መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለውን ነው። «የመጀመሪያ አራት ወር ደመወዝሽ የእኔ ነው» የሚል ሰው የሕግ መንገድ ላይ የለም። በሕግ የሄደችውም ቢሆን ችግር አይነካትም አልልም፤ በብዙ የዓረብ አገሮች ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ስለሆነ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት 160,000 ያህል ኢትዮጵያውያንን ስታባርር፣ ብዙዎቹ ለዓመታት ከሠሩበት አገር በለበሱት ልብስ ነው የተመለሱት። ቢያንስ ውል ያላት፣ ስሟ በመንግሥት መዝገብ ላይ ያለ ሴት ስትጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ።

«እኛ ስላልተማርን ነው» ብለሽም ራስሽን እንዳታሳንሺ። በቴሌግራም «ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ» ተብለው ሄደው በምያንማር የማጭበርበሪያ ግቢዎች ውስጥ የታገቱ ዲግሪ ያላቸው ወጣቶቻችን አሉ፤ በ2017 ዓ.ም. በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከዚያ ወጥተዋል። ነጋዴው ለገበሬው ማዳበሪያ ያሳያል፣ ለተማረው ኮምፒውተር ያሳያል።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ። ንገሪያት። «ለእናቴ አትንገሪ» ማለቷን አውቃለሁ፤ ልጅቷ ያፈረችው ግን ከእናቷ ፍርድ ነው እንጂ ከእናቷ እርዳታ አይደለም። ስትነግሪያት የሰማሽውን ወሬ ተዪው፤ ቡና ቤት የሚለውን አንቺም አላየሽም። የምታውቂውን ብቻ ንገሪያት፤ ልጅሽ በጾሙ ደውላ ነበር፣ ፈርታ ነበር፣ የእኔን ልጅ አትምጪ ብላ አድናታለች፣ ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው። ብቻዋን በምትሆንበት ሰዓት ሂጂ፤ ቡና አፍልታ ሰው በተሰበሰበበት አይሁን። መጀመሪያ ትቆጣ ይሆናል፣ «ልጄን ስም አወጣሽባት» ትልሽ ይሆናል። ቻያት።

ከዚያ አብራችሁ ሂዱ። የልጅቱን ፎቶ፣ የደወለችበትን ቁጥርና ቀን፣ የወሰዳትን ሰው ሙሉ ስምና የሄዱበትን ጊዜ በወረቀት ጽፋችሁ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። በአሁኑ ጊዜ በአካባቢያችሁ ጽሕፈት ቤቱም መንገዱም እንደ ቀድሞው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እዚያ መድረስ ካልተቻለ፣ አዲስ አበባ የታመነ ዘመድ ካላችሁ እዚያው ለሚገኝ ፖሊስ ያመልክት። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ እሱንም ይጠይቁ። ሰውየውን ግን እናንተ «ልጅቱን የት አደረስካት?» ብላችሁ ፊት ለፊት አትያዙት። ገንዘቡ ሲመለስ ነገሯ አይነሣ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከጠረጠረ በአንድ ሌሊት ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውራት ይችላል፤ ያን ጊዜ የያዝነው ቁጥርም አይረዳንም።

ብትደውል፣ አንቺም ሆንሽ እናቷ «ምን ሆነሽ ነው? ምን ሠራሽ?» አትበሉ። «በልተሻል? የት ነሽ? አጠገብሽ ማን አለ? መውጣት ትችያለሽ?» በሏት። «ቤትሽ ቤትሽ ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም» በሏት፤ ይህን ከእናቷ አፍ መስማት አለባት። በቅርብ ጊዜ የተደፈረች ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ሊሰጣት ይችላል፤ ቶሎ መሄዷ ለማስረጃም ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከሆነች በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውም፣ ፖሊሱም፣ የሕግ እርዳታውም በአንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል አለ። ስትመለስ ደግሞ የንስሐ አባቷም ሆኑ ጎረቤት ከምክር በፊት እንቅልፍ ይስጧት። ብዙ ቀን ትተኛ ይሆናል። ተዉአት ትተኛ።

ሰውየው የቀጠረው ቀን ግንቦት ልደታ መሆኑ ልቤን ነክቶታል። በዚያ ቀን የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ከቤት ወጥታችሁ ንፍሮ ቀቅላችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ በአንድ ላይ ትቀመጣላችሁ። በዓመት እንዲህ የምትሰበሰቡበት ቀን ስንት አለ? በየቤታችሁ አንድ አንድ ዘመድ «ልጅሽን ልውሰዳት» ብሎ ጠይቋችሁ ይሆናል፤ እያንዳንዳችሁ ግን ነገሩ የራሳችሁ ብቻ መስሏችሁ ደብቃችሁታል። የጎረቤትሽን ልጅ ነገር አንድ ቃል ሳታነሺ፣ ስለ ራስሽ ልጅ ተናገሪ። «እኔን እንዲህ ብለውኝ ነበር፤ 10,000 ብር ሰጥተውን መለስን» በይ። ከዚያ ቡናውን እየቀዳሽ ዝም በይ፤ ቀጥላ የምትናገረው ማን እንደሆነች ስሚ። ልጅሽም አጠገብሽ ትቀመጥ፤ ቁጥርሽን በቃሏ መያዟን እዚያው ጠይቂያት።